የስለት ልጅ

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ መጣና መጀመሪያ የወደቡን ግንብ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ ከዚያም ሜዳው ላይ የቆሙትን የኳስ ግቦች ዋጣቸው። ተማሪ አጥቶ የተዘጋው ይህ የደሴት ትምህርት ቤት ከወደብ ከተማዋ ከሞክፖ በመጡት የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሳምንቱን ሙሉ ሲዘመርበት፣ ሲጸለይበትና ሲሳቅበት ሰንብቷል። ዛሬ የመዝጊያው አምልኮ ነው። ቀትር ላይ መርከቧ ትመጣና ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል።

የመጋቢ ቤክ ልጅ ሶንዋ ግን ከቁርሱ ጫጫታ ተነጥላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። መርከቧ ብትመጣ ወዴት እንደምትወስዳት ታውቃለች። ባትመጣም የምትሸሸግበት ቦታ የላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ሾርባሽ እኮ በረዶ ሆነ!» አለቻት ጓደኛዋ ቦራም ጎኗን በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ብይ እንጂ! ዛሬ ስውር ወዳጅ የሚገለጥበት ቀን ነው። የኮኩን ባለቤት ልናውቀው ነው!»

የወጣቶቹ ካምፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ወጣት የአንድ ሰው ስም በዕጣ ያወጣል። ሳምንቱን ሙሉ ለዚያ ሰው ሳይታወቅበት መልካም ሲያደርግ ይቆይና በመጨረሻው ቀን ቁርስ ላይ ተነሥቶ ራሱን ይገልጣል። ሶንዋ የመዝሙር ቡድኑ ፒያኖ ተጫዋች ናት። ሳምንቱን ሙሉ ፒያኖዋ ላይ አንድ ነገር ሳታገኝ የቀረችበት ቀን የለም፤ አንዴ ታጥቦ የተወለወለ ኮክ፣ አንዴ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ በቆሎ፣ ዝናብ በጣለበት ምሽት ደግሞ ጃንጥላ። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ማን እንደሆነ በልቧ ቆርጣ ነበር። ዱሆ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ዱሆ በመርከብ ሞተር ጥገና የሚተዳደር፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመጣ ጀምሮ ድራም ይመታል። እሷ ከመድረኩ ግራ፣ እሱ ከቀኝ ይቀመጣሉ። እሱ በትሩን ሲያነሣ እሷ ትንፋሿን ትስባለች፤ ጣቷና በትሩ እኩል ያርፋሉ። ባለፈው የጸደይ ወራት ወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ባሕሩን እያየ፣ «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ችኩል ነኝ። ካንቺ ጋር ስጫወት ብቻ ነው የማልቸኩለው» ብሏት ነበር። እሷ እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምታ አታውቅም።

እዚህ ደሴት ከረገጡ ወዲህ ግን ዱሆ ሌላ ሰው ሆኗል። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ይሄዳል። ሌሎቹ ወደ መንደሩ ሲወርዱ እሱ ይቀራል። አንድም ቀን ዓይኗን አላየም። እሷን ያጽናናት ያ ኮክ ብቻ ነበር። «አፉ ቢዘጋ እጁ ይናገራል» እያለች ነበር የሰነበተችው።

አሁን ቦራም በማንኪያ ሳህን እየመታች፣ «የእህት ሶንዋ ስውር ወዳጅ! ይነሣ!» ብላ ጮኸች።

ከመምህራኑ ገበታ ወንጌላዊ ሚን ተነሣ። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው።

«እኔ... እኔ ነኝ» አለ። «ኮክ ትወጃለሽ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ። ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ምግብ የሚያበስሉት የኩሽናው እናቶች ፈገግ አሉ፤ ሁሉም አንድ ነገር የሚያውቁ ይመስላሉ። ሶንዋ ተነሥታ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ዓይኗ ያለፈቃዷ ወደ ዱሆ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ባዶ ሳህኑን ይዞ ሲወጣ አየችው። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትወድ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባት። ሃፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

ከቁርስ በኋላ አባቷ ወደ መምህራን ክፍል አስጠሯት። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ፎጣ ያጥፋሉ፤ ቀና አላሉም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ መጋቢ ቤክ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። እሳቸው ሲቆጡ ሳይሆን ሲለሰልሱ ነው የምትፈራቸው። «ወንጌላዊ ሚን በመከር ወራት ወደ ሞንጎሊያ ይላካል። ዛሬ አምልኮው ሲያበቃ መታጨታችሁን ለጉባኤው እነግራለሁ። ምስክራችን ወጣቱ ይሁን ብዬ ነው።»

«ዛሬ?»

«የስለት ልጅ መሆንሽን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። አፍ ሳትፈታ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነው። ጨቅላ ሳለች ትኩሳት ይዟት ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ እናቷ ተንበርክከው፣ «ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ ላንተ አገልጋይ ሚስት አድርጌ እሰጣታለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጅቱ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ የምትበላው ምግብ፣ የምትማረው ፒያኖ፣ የምትለብሰው ቀሚስ ሁሉ ለምትሰጥበት ቀን የሚዘጋጅ ሆነ።

«ባለፈው ስጠይቅሽ ምን ነበር ያልሽኝ?» አሏት አባቷ።

«እግዚአብሔር ያውቃል ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው ያውቃል» አሉ ፈገግ ብለው፤ በእጃቸው ራሷን ዳበስ አደረጉ። እጃቸው ሙቅ ነው፤ ይወዷታል። የሚጠሏት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት! እጁ ይህን ያህል የሚሞቅ ሰው ሲዘጋብህ የምትገፋው በር የት ይገኛል? እንደ ሁልጊዜው ዝም ብላ ወጣች፤ ዝምታዋም ከኋላዋ በሩን የዘጋባት መሰላት።

ዱሆን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የእጅ መታጠቢያው ገንዳ አጠገብ አገኘችው። ውሃው እየፈሰሰ ነው እንጂ የሚያጥበው ነገር የለም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት ሳይዞር።

«ማን ነገረህ?»

«ኩሽናው በሙሉ ያወራዋል። ሩዝ የሚያጥቡት እናቶች ሳይቀሩ ሠርግሽን ደግሰው ጨርሰዋል።»

«ሌላ የምትለኝ የለህም?»

ዱሆ ቧንቧውን ዘጋው። «ጥሩ ሰው ነው። ኮክ ሲያጥብ አይቼዋለሁ፤ አንዱን ብቻ ስንት ጊዜ እንዳጠበው!»

«ስለ እሱ አልጠየቅኩህም!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጠላት ፊትህን አዞርክብኝ። ጸደይ ላይ ያን ሁሉ ቃል የነገርከኝ ምን ልሁን ብለህ ነው? ወይስ ያም ለጨዋታ ነበር?»

«አትበይ እንደሱ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ስላንተ እኮ የማውቀው ነገር የለም! ቤትህን አላውቅ፣ ዘመድህን አላውቅ። እናትህ ሩቅ ደሴት እንዳለች ብቻ ነው የነገርከኝ።»

ዱሆ ዞሮ አያት። ሳምንቱን ሙሉ ስትናፍቀው የነበረው ዓይን ይኸው ፊቷ ላይ አረፈ፤ ውስጡ ግን ፍርሃት እንጂ ፍቅር አልነበረም። ወይም ሁለቱም ነበሩ፤ መለየት አልቻለችም።

«ሶንዋ፣ ይሄ ደሴት...» ብሎ ጀመረ።

የድምፅ ማጉያው አንባረቀ። በጉሙ ምክንያት መርከቧ ከሞክፖ አልተነሣችም፤ እስኪገፈፍ ድረስ ሁሉም ሰው አዳራሽ ገብቶ አምልኮው ይጀመር ተባለ። ዱሆ ከንፈሩን ነክሶ ቆቡን ደፋና አልፏት ሄደ። ሶንዋ ዙሪያዋን አየች። ባሕሩ የለም፤ መንገዱ የለም፤ ሰማዩ የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። እንደዚያ አየር አጥሯት አያውቅም።

አዳራሹ በነሐሴ ወበቅ ታፍኗል። መስኮቶቹን ከፍተዋቸው ጉሙ እንደ እንግዳ ይገባል። ወጣቶቹ ቆመው ይዘምራሉ። ሶንዋ ጣቶቿ ራሳቸውን ችለው ሲሮጡ ታያቸዋለች እንጂ ነፍሷ የለችበትም። በመዝሙሩ መካከል አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ልቧ የሚመታ መስሏት ነበር።

ከበሮ ነው፤ ከባሕሩ ዳር፣ ከመንደሩ በኩል የሚመጣ። ዝግ ብሎ ይጀምርና ይፈጥናል፤ መልሶ ዝግ ይላል። ከከበሮው ጋር የሴት ድምፅ አለ። ለቅሶም ነው፤ ጥሪም ነው። ባሕር የበላቸውን ሰዎች ነፍስ የምትጠራ የመንደሩ ባለ ውቃቢ መሆኗን በደሴቶቹ ዙሪያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

መዝሙሩ ተደናቀፈ። መጋቢ ቤክ ማይክራፎኑን ያዙ።

«ወጣቶች፣ እንዳትረበሹ! ድምፃችንን ከፍ እናድርግ! ይህን የጨለማ ከበሮ በምስጋና እንሸፍነዋለን። ወንድም ዱሆ፣ ጠንከር አድርገህ ምታ! ይብለጠው!»

ሶንዋ ወደ ቀኝ ዞረች። ዱሆ በትሮቹን አንሥቶ አየር ላይ ይዟቸዋል። እንደ ልማዷ ትንፋሿን ስባ ጠበቀችው። በትሮቹ አልወረዱም።

«ወንድም ዱሆ!»

ዱሆ በትሮቹን ድራሙ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸውና ተነሣ።

«መጋቢ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልችልም።»

«ምን ሆነህ?»

«ያቺ የምትመታው እናቴ ናት።»

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ከኩሽናው እናቶች አንዷ፣ «የኢየሱስ ያለህ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። የመጋቢ ቤክ ፊት ገረጣ።

«የባለ ውቃቢ ልጅ? ይህን ሁሉ ጊዜ በመድረኬ ላይ?»

«አዎ» አለ ዱሆ። ዓይኑ አልተሰበረም። «ከበሮ ከየት ተማርክ ብለው ሲጠይቁኝ ሬዲዮ ሰምቼ ነው ብያለሁ። ዋሽቻለሁ፤ ከሷ ጉልበት ላይ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። መጋቢ፣ ጌታን የተቀበልኩት በእውነት ነው። እሱን አልዋሸሁም። እናቴን ግን እንደሞተች ቆጥሬ ኖርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከደጇ በታች እያለሁ ቆቤን ደፍቼ ተደበቅኩባት። ዛሬ አባቴ የሰመጠበት ቀን ነው። የምትጠራው እሱን ነው። እምነቷ እምነቴ አይደለም። ግን የሷን ለቅሶ በድራም ልሸፍን እጄ እምቢ አለኝ።»

ወደ ሶንዋ ዞረ። ወገቡ እስኪታጠፍ ለጉባኤው እጅ ነሥቶ በመካከላቸው አልፎ ወጣ። የሚያልፍበት ሰው ሁሉ ልብሱን ሰብሰብ አደረገ። ሶንዋ ልብስ ሲሰበሰብበት ስታይ ሳምንቱን ሙሉ ለምን ፊቱን እንዳዞረባት ገባት፤ ይህንን ነበር የፈራው፤ ከሷም ጭምር።

«ሶንዋ፣ ተጫወቺ» አሉ አባቷ።

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው። አልተንቀሳቀሱም። ከበሮው ብቻ ይሰማል።

መጋቢ ቤክ ጉባኤው ከእጃቸው ሲያመልጥ ተሰማቸው። ላባቸውን ጠረጉና ፈገግታ ፈልገው አገኙ። «ጠላት ደስታችንን ሊነጥቅ ይፈልጋል። እኛ ግን የምሥራች አለን! ወንጌላዊ ሚን፣ ወደ መድረክ ና። ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት ልጄን ሶንዋን...»

ወጣቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ጭብጨባው እንደ ሚስማር ነበር፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሳንቃ ይመታባታል። ወንጌላዊ ሚን ወጣ፤ ጆሮው ቀልቷል። አጠገቧ ሲደርስ ፊቷን አይቶ ቆመ። ማይክራፎኑን አልተቀበለም።

«እህት ሶንዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጋቢ እሺ ብላለች ብለውኛል። አንቺ ራስሽ እሺ ብለሻል?»

«ወንጌላዊ ሚን!» አሉ መጋቢው።

«ከራሷ መስማት ስለምፈልግ ነው መጋቢ።»

ሶንዋ ተነሣች። ፒያኖውን ተደገፈች።

«አላልኩም» አለች። «እምቢም አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት። ዝምታዬ እሺታ ተባለ፤ እኔም ዝም ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔም ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን እምቢ ነው የምለው። እርስዎ መልካም ሰው ነዎት። ኮኩን በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። ስበላው ግን የማስበው ሌላ ሰው ነበር። ከዚህ የበለጠ በደል ልሠራብዎት አልፈልግም።»

ወንጌላዊ ሚን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ሞንጎሊያ ደርሰን ብትነግሪኝ ኖሮ ይከፋ ነበር።» ወደ ቦታው ሲመለስ ማንም ሊያየው አልደፈረም። ሶንዋ ግን አየችው፤ ለዚያ የቀላ ጆሮም አለቀሰች።

መርከቧ እስክትመጣ ድረስ ከክፍል እንዳትወጣ አባቷ አዘዙ። እናቷን አስቀመጡባት። ድሮ የሕፃናት ማረፊያ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት አለው፤ እሱንም ጉሙ ዘግቶታል።

«አዋረድሽን» አሉ እናቷ። ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«እማዬ፣ እኔ ዕቃ አይደለሁም። ሳትጠይቂኝ ሰጠሽኝ።»

«አፍ አልነበረሽም እኮ ያኔ! በምን አፍሽ ልጠይቅሽ? ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር። እጄ ላይ ነበር የምትሄጂው። ያን ቀን ዓይኔን ብለኝ ኖሮ ዓይኔን እሰጠው ነበር። የነበረኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያለኝን ሰጠሁ።»

«ተርፌያለሁ እኮ። ይኸው አድጌያለሁ።»

«አላደግሽም!» እናቷ ድንገት ጮኹ። «ለኔ እስከ ዛሬ እዚያ አልጋ ላይ ነሽ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ እየተነሣሁ በርሽን ከፍቼ ትንፋሽሽን አዳምጣለሁ።»

ሶንዋ ደነገጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ በሯ ቀስ ብሎ ሲከፈት ትሰማለች። ሁልጊዜ እየሰለሏት ይመስላት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በንዴት ጥርሷን ነክሳ፣ የተኛች መስላ ታሳልፈዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት እናቷ በር ላይ ቆመው የሚፈልጉት ትንፋሿን ብቻ ነበር።

«ስለቴን ባጥፍና ቢወስድብኝስ?» አሉ እናቷ፤ አሁን ድምፃቸው የሕፃን ሆኗል። «አባትሽ የሚፈራው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። እኔ እሱን አልፈራም። እኔ የምፈራው ያንን ሌሊት ነው ልጄ።»

የአባቷን በር ቢያንስ ልትገፋው ትችላለች። ይህኛው ግን በር አልነበረም፤ ክንድ ነበር። አጠገባቸው ተንበርክካ የእናቷን መዳፍ አነሣችና ግንባሯ ላይ አደረገችው።

«ዳስሺኝ እማዬ። ትኩሳት የለኝም። አንቺ እንዲህ የምትፈሪው እግዚአብሔር ያን ቀን ያዳነኝ አይመስለኝም። ያዳነኝ የሚራራው እግዚአብሔር ነው፤ አንቺ ስታለቅሺ አዝኖልሽ ነው እንጂ ዋጋ ጠይቆሽ አይደለም።»

እናቷ እጃቸውን ከግንባሯ አላነሡም። እንዲያ እንዳሉ ከሩቅ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ። መስኮቱ ላይ የነበረው ነጭ ነገር ሳስቷል፤ የጥድ ዛፍ ጫፍ ይታያል። እናቷ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ።

«የሩዙን ድስቶች ማን እንደጫናቸው እንጃ» አሉ ወዲያ ዞረው። «ሄጄ ልይ።»

ወጡ። በሩን አልዘጉትም። ሶንዋ የተከፈተውን በር ስታይ ደስታው ራሱ አስፈራት፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጠች።

ባለ ውቃቢዋ ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። ነጭ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል፤ ከበሮው ጎናቸው ተጋድሟል። ሶንዋ ያሰበችው አስፈሪ ሴት ነበር። ያገኘችው ድምፃቸው የተዘጋ፣ ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ የደከሙ እናትን ነው። ዱሆ ባሕሩ ዳር ቁጢጥ ብሎ የመሥዋዕቱን ሳህኖች ያጥባል። እየሮጠች ስትመጣ ሲያያት ከእጁ አንዱ ሳህን አመለጠው።

«ሂጂ» አላት ተነሥቶ። «መርከብሽ መጥታለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልብስሽን እንዳትሰበስቢብኝ።»

«እየኝማ ዱሆ። አሁን እንዴት ነው የማይህ?»

አያት። እናቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ነሽ የመጋቢው ልጅ?» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ልጄ የናንተን አምላክ ብሎ ሲሄድ ክፉ አልተናገርኩትም። ለቤቴ መጋቢ አማች አማረኝ ብዬ ግን አላውቅም! የኔም ሰዎች ይስቁብኛል፤ ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ታውቂያለሽ እንዴ? እንግዲያው ወይ ውሰጂው ወይ ተዪልኝ። ግማሹን ግን አትውሰጂ። ሁለት ዓመት ግማሽ ልጅ ነበረኝ፤ ግማሽ ልጅ ከሌለ ልጅ ይብሳል።»

«እማዬ» አለ ዱሆ።

«ምን እማዬ ትለኛለህ! ሂድ፣ ሸኛት። ሳህኑን እኔ አጥበዋለሁ።»

የመርከቧ መሰላል ወርዷል፤ ወጣቶቹ ጓዛቸውን እየያዙ ይገባሉ። ሶንዋና ዱሆ በግንቡ ላይ አብረው ሲመጡ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። መጋቢ ቤክ መሰላሉ ሥር ቆመዋል። ዱሆ ቆቡን አወለቀ። በዚህ ሳምንት ደሴቲቱ ላይ ፊቱን ገልጦ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ጓዝ የሚጭኑት ዓሣ አጥማጆች አወቁት፤ «የባለ ውቃቢዋ ልጅ ነው እኮ!» ተባባሉ።

«መጋቢ» አለ። «ዛሬ ከእናቴ ጋር አድራለሁ። ቅዳሜ ግን ቤትዎ እመጣለሁ። በዋናው በር አንኳኩቼ፣ የናቴን ስም ተናግሬ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ እልዎታለሁ። እምቢ ይበሉኝ፤ ይመልሱኝ። ተደብቄ ግን አልወዳትም። መደበቅ በቃኝ።»

መጋቢ ቤክ ልጃቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መርከቧ ገቡ። ወንጌላዊ ሚን ከኋላ መጥቶ ሳይናገር የሶንዋን ሻንጣ አነሣላት።

«ትመጣለህ?» አለችው ዱሆን በሹክሹክታ።

«እመጣለሁ። ፈርቻለሁ እንጂ እመጣለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። ያ ነበር ስንብታቸው። እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም፤ ቢነካኩ አይላቀቁም ነበር።

መርከቧ ከግንቡ ስትላቀቅ ጉሙ ባሕሩ ላይ ዳግም ይጎተት ጀመር። ዱሆ መጀመሪያ ሰው ነበር፤ ቀጥሎ ጥላ ሆነ፤ ከዚያ የለም። ወጣቶቹ ከታች ተጨናንቀው ያንሾካሹካሉ፤ ቦራም ብቻ መጥታ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋት ተመለሰች። አባቷ ከፊት ወንበር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ያ ጀርባ ቅዳሜም ይኖራል፤ ከቅዳሜ በኋላም ይኖራል። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ምዕመኑ ያው ምዕመን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በየገበታው ላይ በወሬ የምትነሣው እሷ ናት። ከአንድ እስር ወጥታ ወደ ሌላው የምትሄድ መሰላትና የመርከቧን የብረት አጥር አጥብቃ ያዘች።

እናቷ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ባሕሩን ነበር የሚያዩት። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ አባቷ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ ጠየቋት።

«ለመሆኑ ያ ልጅ ምን መብላት ይወዳል?»

ሶንዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ግን ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው ለቅሶ ቀደማት።